ቆራሌው ያመጣው ክንፍ ያለው ብረት፦ ምን ላድርግ?

ብየዳ ቤት · ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡40

ጂማዎች እንዴት አደራችሁ። ይህን የምጽፈው ከቤቴ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ነው። ወደ ውስጥ መግባት ፈርቼ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መርካቶ አካባቢ ትንሽ ብየዳ ቤት አለኝ። በርና መስኮት እሠራለሁ፣ የከሰል ምድጃም እሠራለሁ። ቁርጥራጭ ብረት ከቆራሌዎች በኪሎ እገዛለሁ። ትናንት ማታ አንዱ ደንበኛዬ ጆንያ ሙሉ ይዞ መጣ። መሽቶ ነበርና ሳላየው መዘንኩ፣ ከፈልኩ፣ ጥግ ላይ ዘረገፍኩት። ዛሬ ጠዋት አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ብረት ሲመርጥ "ጋሼ፣ ይሄ ደግሞ ምንድነው?" አለኝ።

ሆዱ የተነፋ፣ ወደ ጭራው የቀጠነ ነገር ነው። ጭራው ላይ ትንንሽ ክንፎች አሉት። ዝገት በልቶታል። ልጁ እኔን ሳይጠራኝ በፊት ለብቻው መዝኖታል፣ ሦስት ኪሎ ከመቶ ግራም። ጫፉ ላይ ነሐስ የመሰለ ነገር አለ፣ እሱን ልፍታው ብሎ በፒንሳ ይዞት ነበር። ነሐስ ከብረት በስንት እጥፍ እንደሚሸጥ ታውቃላችሁ። አልዋሽም፣ እኔም ለአንድ አፍታ አስቤው ነበር።

አሁን ምን ላድርግ? በባጃጅ ጭኜ ፖሊስ ጣቢያ ልውሰደው? አሥር ደቂቃ ነው።

የአዌቱ ልጅ · 3፡44

ኧረ በባጃጅ! የኛን መንገድ ረሳኸው እንዴ? አንድ ጉድጓድ ይበቃሃል።

ቡናዬ · 3፡46

ወንድሜ አታካብድ። ዝጓል ካልክ ሞቷል። በፌስታል ጠቅልለህ አዌቱ ወንዝ ውስጥ ወርውረው፣ አለቀ።

የአዌቱ ልጅ · 3፡47

አዌቱ ዳር ልብስ የሚያጥብ ሰው አለ። ልጆች ይገባሉ። የምን ምክር ነው ይሄ?

ጡረተኛው · 3፡52

አትንካው። አታንሳው። ውሃ አታፍስበት። ልጁን አስወጣ፣ ግራና ቀኝ ያሉትን ጎረቤቶች አስወጣ። የሚበይድ ወይም የሚቆርጥ ሰው አጠገብህ ካለ ያቁም። ከዚያ ለፖሊስ ደውል፣ ቦታውን በደንብ ንገራቸው። እነሱ ከመከላከያ ባለሙያ ይጠራሉ። አንተ ከሩቅ ቆመህ ሰው እንዳይገባ ጠብቅ። ፎቶ ላነሳ ብለህ ደግሞ እንዳትመለስ።

ሌላውን በኋላ እናወራለን።

ብየዳ ቤት · 4፡10

ደውያለሁ። "ፈንድቷል?" አሉኝ። አልፈነዳም፣ ተቀምጧል አልኳቸው። እየመጡ ነው። ልጁ እጁ አሁን ነው መንቀጥቀጥ የጀመረው።

ብየዳ ቤት · ከሰዓት 9፡30

ሄዱ። እግዚአብሔር ይመስገን።

መንገዱ ሁለት ሰዓት ያህል ተዘጋ። ጎረቤቴ ጨርቅ ሻጩ ገበያዬን ዘጋህብኝ ብሎ እስካሁን አኩርፎኛል። ባለሙያው ብቻውን ገባ። ከጭራው ስር በባትሪ እያበራ ለረጅም ጊዜ አየው። ሲወጣ "የመዘነው ማነው?" አለ። ልጁ እጁን አወጣ። "ስንት ሆነ?" "ሦስት ከመቶ።" "ልክ ነው፣ ሚዛናችሁ አይሰርቅም" አለው። ሰማኒያ ሁለት ሚሊሜትር ሞርታር ነው አሉ። አሸዋ በሞላ ሳጥን ውስጥ አድርገው ወሰዱት። ያልተተኮሰ ስለሆነ ዕድለኞች ናችሁ አሉን።

ይቺን ነው ያልገባኝ። ያልተተኮሰው ነው ወይስ የተተኮሰው የሚያስፈራው?

ጡረተኛው · 10፡15

ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው በግልባጩ ነው የሚያስበው።

እንዲህ ያለ ጥይት ከፋብሪካ ሲወጣ ፊውዙ (የሚያፈነዳው ክፍል) ተቆልፎ ነው የሚወጣው። መቆለፊያው የሚከፈተው ሲተኮስ፣ ከአፈሙዙ በሚወጣበት ግፊት ነው። ከዚያ በኋላ ሲወድቅ መፈንዳት ነበረበት። ሳይፈነዳ ከቀረ ግን ቁልፉ ተከፍቶ፣ አንድ ነገር ብቻ እየጠበቀ ተኝቷል ማለት ነው። አንዳንዴ የሚጠብቀው አንዲት ምት ነው። ባለሙያው ጭራውን ያየው ሲተኮስ መምቻው መርፌ የሚተወው ምልክት አለ ወይስ የለም ብሎ ነው። ምልክቱ ቢኖር ኖሮ በሳጥን አያነሱትም ነበር።

ዝገት አያመክነውም። የሚዛገው ቀፎው ነው። ውስጡ ያለው ቲኤንቲ የሚባለው የሚፈነዳ ነገር ብዙ አሥርት ዓመት ቁጭ ይላል። ጀርመን አገር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቀረ ቦምብ ዛሬም ሕንፃ ሲቆፈር ይወጣል።

ያልተተኮሰውም ቢሆን በፒንሳና በግራይንደር ከመጣህበት ለአንተ ብሎ አይምርህም።

የአዌቱ ልጅ · 10፡22

ጋሼ እርስዎ በዚህ ሥራ ላይ ነበሩ?

ጡረተኛው · 10፡40

ነበርኩ። ከባድሜው ጦርነት በኋላ ሰሜን ላይ ፈንጂ ስናጸዳ ቆይተናል። ሰው "ፈንጂ ረጋጭ" እያለ ጀግና ያሞግሳል አይደል? የኛ ሥራ ሳይረገጥ ማውጣት ነበር። አይዘፈንለትም።

ሥራው አሰልቺ ነው። በጉልበትህ ትንበረከካለህ። ብረት ጠቋሚውን ማሽን ታወዛውዛለህ፣ ሲጮህ ትቆማለህ። በቀጭን ዘንግ ከጎን አጋድለህ መሬቱን ትነካካለህ። ከላይ ቀጥ አድርገህ ከወጋህ መርገጫውን ትነካዋለህ። የጮኸው አብዛኛውን ጊዜ ሚስማር ነው፣ ወይ የሰርዲን ቆርቆሮ፣ ወይ የጥይት ቀለሃ። እያንዳንዱን ግን እንደ ፈንጂ ነው የምትቆፍረው። ቀኑን ሙሉ ሠርተህ ያጸዳኸው መሬት አንድ ክፍል ቤት አይሠራበትም። ማታ ስትቆጥረው ያናድዳል። ጠዋት ግን በሱ ላይ ተራምደህ ነው ወደ ሥራ የምትገባው።

የሶቪየቱ ፒኤምኤን የሚባለው ጥቁር ጎማ ክዳን ያለው ነው። ውስጡ 240 ግራም ቲኤንቲ አለ። 240 ግራም ማለት ሩብ ኪሎ የማይሞላ ስኳር ነው። እግርን ከጉልበት በታች ይወስዳል። ብዙ ጊዜ የሚተከለው ለመግደል ሳይሆን ለማቁሰል ነው ይባላል፣ ቁስለኛ ተሸካሚ ይፈልጋልና። እኔ ይህን ሒሳብ ያሰላውን ሰው ባገኘው አንድ የምጠይቀው ነገር አለኝ። እዚህ አይጻፍም።

ቡናዬ · 10፡51

ለአዌቱ ምክሬ ይቅርታ። አባቴ ከጦርነት ሲመለስ የጥይት ቀለሃ ይዞ መጥቶ እናቴ ጀበና ማስቀመጫ አድርጋው ነው ያደግነው። እንደ ዕቃ ነው የማየው።

እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤትም ደወሉ የሆነ የቦምብ ቀፎ ነበር። ዘበኛው በብረት ሲመታው ከሰፈር ሰፈር ይሰማል።

የሰሜን ልጅ · ምሽት 1፡05

እዚህ ጂማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ የመጣሁት ከሰሜን ነው። ውይይቱን ሳነብ ሆዴ ተላወሰ።

የኛ አገር ልጅ እንዲህ ያለ ነገር የሚያገኘው ፍየል ሲጠብቅ ነው። የሚያብለጨልጭ ከሆነ ያነሳዋል። አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው በድንጋይ ይመታዋል። ከጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ጥይቱ ቆመ፣ መሬት ላይ የቀረው ግን አልቆመም። ትግራይ፣ አማራ፣ አፋር ውስጥ ሰው እርሻው ላይ እየፈራ ነው የሚያርሰው።

ሰፈራችን አስተማሪዎች መጥተው ነበር። ሥዕል ይዘው። ድንጋይ በቀይ ቀለም የተቀባ ከሆነ አደጋ፣ በነጭ የተቀባ ከሆነ የተጸዳ። ታናሽ ወንድሜ ያንን ቀን አልረሳውም። ግን ከዚያ ምን ሆነ? ድንጋዩ ለአጥር ጥሩ ነው ብለው ሰዎች አንስተው ወሰዱት። በሰው አልፈርድም፣ አጥር ያስፈልጋል።

ኮቺ · 1፡30

ሁሉም ደህና። ግን እኔ የማይገባኝ ይሄ ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ዓለም አቀፍ ቀን፣ ኖቤል ሽልማት የሚሉት ነገር ነው። ልዕልት ዲያና አንጎላ ሄዳ በፈንጂ መሬት ላይ ተራመደች፣ ዓለም አጨበጨበ። አሜሪካ አልፈረመችም። ሩሲያ አልፈረመችም። ቻይና አልፈረመችም። ፋብሪካው ያለው እነሱ ጋ ነው። ፈራሚው እግር የተቆረጠበት አገር ነው። ምን ዋጋ አለው?

ሕግ ተማሪዋ · 2፡10

ኮቺ፣ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ይቆየን።

ፈንጂን የሚከለክለው የኦታዋ ስምምነት ነው። ለፊርማ የተከፈተው በፈረንጆች ታኅሣሥ 3 ቀን 1997 ነበር። ኢትዮጵያ የፈረመችው ያኔውኑ፣ በመጀመሪያው ቀን ነው። በኛ ስንቆጥር ኅዳር 24 ቀን 1990። አሁን ያዙልኝ፤ የባድሜው ጦርነት የተነሳው መቼ ነው? በዚያው በ1990፣ ግንቦት ሲጠባ። ግንቦት 28 መቀሌ አይደር ትምህርት ቤት ላይ ክላስተር ቦምብ (ተከፍቶ ብዙ ትንንሽ ቦምብ የሚበትን) ወረደ። ፊርማውና ቦምቡ በአንድ ዓመት፣ በአንድ የቀን መቁጠሪያ ላይ ነው የተሰቀሉት። ኢትዮጵያ ስምምነቱን ያጸደቀችው በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. ነው። ኤርትራ ቀድማ ገብታለች። ዛሬ ሁለቱም አባል ናቸው።

ስምምነቱ ምን ያስገድዳል? ያከማቸኸውን በአራት ዓመት ውስጥ አጥፋ። መሬትህ ላይ ያለውን በአሥር ዓመት አጽዳ። ኢትዮጵያ ክምችቷን አጥፍታ ጨርሳለች፣ በ2001 ዓ.ም.። ጽዳቱ ግን አልደረሰላትም። ሁለት ጊዜ ማራዘሚያ ጠይቃ እስከ ፈረንጆች 2025 መጨረሻ ተሰጣት። በመሃል አዲስ ጦርነት ገባ። ቤት እየጠረግሽ ሌላው ከኋላሽ ቆሻሻ ሲደፋ አስቢው።

አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው ያምታታል። ዛሬ ብየዳ ቤት የገባው ዕቃ በኦታዋ ስምምነት አይሸፈንም! ኦታዋ የሚለው ሰው ሲረግጠው ወይም ሲነካው የሚፈነዳውን ፀረ ሰው ፈንጂ ብቻ ነው። ፀረ ታንክ ፈንጂ የለበትም፣ ሞርታር የለበትም። ላልፈነዳና ተጥሎ ለቀረ ተተኳሽ ሌላ ሰነድ አለ፣ የአንዳንድ የጦር መሣሪያዎች ስምምነት አምስተኛው ፕሮቶኮል (ተጨማሪ ውል) ይባላል፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ዋለ። ተዋጊው ወገን ምን እንደተኮሰና የት እንደተኮሰ ይመዝግብ፣ ውጊያው ሲቆም በእጁ ባለው መሬት ላይ ያለውን ያጽዳ ይላል። ጥሩ ነው። ግን ዋናዎቹ ግዴታዎች አጠገብ "በተቻለ መጠን" የምትል ቃል ተሸጉጣለች። መምህራችን "በተቻለ መጠን" ባየሽ ቁጥር ጠበቃ እንዳለፈ እወቂ ይለን ነበር።

የክላስተር ቦምብ ስምምነት ደግሞ ለብቻው አለ፣ የ2008 እ.ኤ.አ.። ከ110 በላይ አገሮች አሉበት። ኢትዮጵያ የለችበትም። አይደርን ያየች አገር ለምን እንደቀረች እኔም እጠይቃለሁ።

ኮቺ · 2፡25

እኮ! ራስሽ አልሽው። በዚያ ላይ አውሮፓውያኑ እየወጡ ነው። ፊንላንድ፣ ፖላንድ፣ ሊትዌኒያ፣ ላትቪያ፣ ኢስቶኒያ በ2025 ከኦታዋ እንወጣለን አሉ። ሊትዌኒያ ከክላስተሩም ወጥታለች። አሜሪካ ለዩክሬን ክላስተር ሰጠች፣ በኋላ ፈንጂም ፈቀደች። ለኛ ሲሆን ክልክል፣ ለነሱ ጎረቤት ሲያስፈራቸው የሚቀደድ ወረቀት።

ሕግ ተማሪዋ · 2፡31

መውጣታቸው ልክ ነው፣ አልከራከርህም። እኔንም ያናድደኛል። ሩሲያን ስለፈሩ ነው ይላሉ። እኛስ ማንንም ሳንፈራ ነው የፈረምነው?

ጡረተኛው · 2፡58

ኮቺ፣ እኔ ወረቀት አንባቢ አይደለሁም። የማውቀውን ልንገርህ።

ከስምምነቱ በፊት ፈንጂ ማጽዳት በብዛት የሠራዊት ጉዳይ ነበር። መንገድ ከፍቶ ያልፋል፣ እርሻው ይቀራል። ከስምምነቱ በኋላ ግን "የት የት ነው ያለው?" ብሎ የሚጠይቅ መጣ። እኛ አገር በፈረንጆች 2002 እና 2004 መካከል ጥናት ተደርጎ 1,492 የተጎዱ ቀበሌዎችና መንደሮች ተመዘገቡ። ገበሬው ተጠይቆ ነው፤ ላም የት ሞተች፣ ማን የት ቆሰለ። ካርታው እጃችን ሲገባ ብዙ ተፈርቶ የቀረ መሬት ጭራሽ ፈንጂ የሌለበት ሆኖ ተገኘ። ፈንጂ ሳናወጣ፣ ፍርሃት ብቻ አውጥተን መሬት የመለስንበት ቀን አለ። ለካርታው ገንዘብ የመጣው ያ ያጣጣልከው ወረቀት ከተፈረመ በኋላ ነው። ለጋሹ አገር ስለፈረማችሁ ነው የምንረዳችሁ ይላል። ማሽኑም ውሻውም በዚያ ነው የመጣው።

ሞዛምቢክን እይ። ከኛ የባሰ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. ከታወቀ ፈንጂ ነጻ ነኝ አለች። እዚያ አይጥ ሳይቀር ሠርቷል፤ ታንዛኒያ የሚሠለጥኑ ትልልቅ አይጦች አሉ፣ ፈንጂ ያሸታሉ፣ ቀላል ስለሆኑ ቢረግጡትም አይፈነዳም። ካምቦዲያ ላይ ማጋዋ የሚባለው አይጥ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልሟል። እኔን ማንም አልሸለመኝም (እየቀለድኩ ነው)።

በዓለም ተከማችቶ ከነበረው ከ55 ሚሊዮን በላይ ፈንጂ ጠፍቷል። ያልጠፋው እንዳለ ሆኖ።

ኮቺ · 3፡04

አይጡን አላውቅም ነበር። አንድ ነጥብ ሰጥቻለሁ ጋሼ።

ፊዚዮዋ · 3፡20

ስለ ፈነዳው ብዙ አወራችሁ፣ ከፈነዳ በኋላ ያለውን ግን ዘለላችሁት።

የምሠራው እግር ያጡ ሰዎች ጋ ነው። አብዛኛው የመኪና አደጋና የስኳር በሽታ ነው፣ በፈንጂ የተጎዳ ደግሞ ከስንት አንዴ ይመጣል። ቁስሉ ያስታውቃል። የመኪና አደጋ ይሰብራል። ፈንጂ ግን አፈሩን፣ ጫማውን፣ የአጥንቱን ስብርባሪ ይዞ ወደ ላይ ይገባል። ሐኪሙ ከሚታየው በላይ ከፍ አድርጎ ለመቁረጥ ይገደዳል።

ሰው ሠራሽ እግር አንዴ ተሰጥቶ የሚያልቅ አይደለም። ለአዋቂ በየጥቂት ዓመቱ ይቀየራል። ልጅ ሲሆን አጥንቱ ያድጋል፤ በየስድስት ወሩ፣ ቢበዛ በየዓመቱ አዲስ ይፈልጋል። የሰባት ዓመት ልጅ አሥራ ስምንት እስኪሞላው ስንት እግር እንደሚያስፈልገው ቁጠሩት። ያውም ከገጠር ተነስቶ፣ ትራንስፖርት ከፍሎ፣ አንድ ወላጅ ሥራ ፈትቶ። ቀይ መስቀል ኮሚቴው ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ሥራ ይዞታል፣ ረከስ ያለ ከፕላስቲክ የሚሠራ እግር ያስፋፉትም እነሱ ናቸው። የኦታዋ ስምምነት ላይም ተጎጂን መርዳት ተጽፏል። በተግባር ግን ለማጽዳት የሚመጣው ብር ይበዛል፣ ለተጎጂ የሚመጣው ያንሳል። የጸዳ መሬት ፎቶ ያምራል። እግር መቀየር ፎቶ የለውም።

በ2023 ብቻ በዓለም ላይ ቢያንስ 5,757 ሰው በፈንጂና በተረፈ ጦርነት ሞቷል ወይም ቆስሏል። ከመቶ 84ቱ ሲቪል ነው። የተመዘገበው ነው ይሄ።

የሰሜን ልጅ · 3፡26

እህቴ፣ ትራንስፖርቱን ስላነሳሽልኝ አመሰግናለሁ። ማንም አያነሳውም።

ቡናዬ · ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡15

ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። ዕቃው ጂማ እንዴት ገባ? እዚህ እኮ ጦርነት አልነበረም።

ብየዳ ቤት · 2፡40

ቆራሌውን ጠይቄዋለሁ። ከአንድ የጭነት መኪና ረዳት ነው የገዛው። ረዳቱ ደግሞ ከመንገድ ላይ፣ ከሌላ ቁርጥራጭ ጋር። ከየት እንደሆነ አያውቅም። ብረት ነው፣ ይዞራል። ቡና ከዚህ ይወጣል፣ ብረት ይገባል።

ጡረተኛው · 3፡10

ላኦስ የምትባል አገር አለች። አሜሪካ ከ1964 እስከ 1973 ድረስ ከሁለት ሚሊዮን ቶን በላይ ቦምብ ጥላባታለች። ሕዝቡ ድሃ ነው፣ ብረቱን እየለቀመ ይሸጣል። እዚያ ለአደጋ ከሚዳርጉት ነገሮች አንዱ የቁርጥራጭ ብረት ንግድ ነው። ሰውየው አደገኛ መሆኑን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። እያወቀ ነው የሚያነሳው፣ ምሳ ስለሆነ። ስለዚህ "አትንኩ" የሚል ፖስተር ብቻውን ሩቅ አይሄድም። ብረት ገዢው ጋ ነው የሚቆመው። አንተ ጋ ማለቴ ነው፣ ብየዳ ቤት።

ብየዳ ቤት · 3፡25

ገብቶኛል ጋሼ። በሩ ላይ ሥዕል ሰቅያለሁ። ልጁ ነው የሣለው፣ ክንፍ ያለው፣ ክብ የሆነ፣ እጀታና ቀለበት ያለው። ከሥሩ "አንገዛም፣ አታምጡ፣ ካያችሁ ንገሩን" ይላል። በአማርኛም በኦሮምኛም። ሌሎቹ ብየዳ ቤቶችም ፎቶ አንስተው ወስደዋል።

ግን አንድ ችግር ገጥሞኛል። ቆራሌው ትናንት ማታ መጥቶ ተጣላን። "እሺ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ባየው አልነካም፣ ፖሊስ እጠራለሁ። ቀኔን ሙሉ እዚያ ቆሜ እጠብቃለሁ። የዚያን ቀን እንጀራዬን ማን ይሰጠኛል?" አለኝ። መልስ አጣሁ። የሦስት ኪሎውን ብር መልስ አላልኩትም።

ኮቺ · 3፡31

ይሄን ጥያቄ ለስምምነቱ ሰዎች ጄኔቭ ላኩላቸው።

ሕግ ተማሪዋ · 3፡40

እኔ ቀበሌ ነው የምልከው። ለሚጠቁም ሰው የቀን አበል የሚሆን ነገር ቢታሰብስ? ብሩ ትንሽ ነው፣ አንድ መንገድ ከሚዘጋበት ኪሳራ ያንሳል። ጨርቅ ሻጩ ጎረቤትህ ይፈርምልን ይሆናል።

ጡረተኛው · 3፡48

ደብዳቤውን ጻፊው። እኔም እፈርማለሁ። ግን "ለሚጠቁም" በይ፣ "ለሚያመጣ" እንዳትይ። አምጥቶ የሚሸለም ከሆነ ሁሉም ይዞ ይመጣል።

ቡናዬ · 4፡02

ጋሼ፣ የትምህርት ቤታችን ደወል ግን? ዛሬም ተሰቅሏል። ልጄ እዚያ ነው የሚማረው።

ጡረተኛው · 4፡09

ባዶ ቀፎ ይሆናል፣ ብዙውን ጊዜ ነው። ግን እኔም አንተም በስልክ አናውቅም። ርእሰ መምህሩን አናግር፣ ፖሊስ ባለሙያ አምጥቶ ያሳይ። እስከዚያ ዘበኛው በፊሽካ ይጥራቸው።

ብየዳ ቤት · ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡00

ቆራሌው ዛሬ ጠዋት መጣ። አልገባም። ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ጆንያውን መሬት ላይ ዘረገፈውና አንድ በአንድ እያነሳ ካሳየኝ በኋላ "ክንፍ የለውም! ቀለበት የለውም!" እያለ ጮኸ። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። ጨርቅ ሻጩም ሳቀ፣ ኩርፊያው የለቀቀው መሰለኝ።

መዘንኩለት። አሥራ አራት ኪሎ።